ቁጥሩን የማያውቅ ባለፍርድ

ዋግ ኽምራ ውስጥ ጥብቅና የሚሠራ ሰው ጊዜውን የሚጨርሰው ችሎት ላይ ብቻ አይደለም፤ መዝገብ ቤት በር ላይም ነው። በሕግ ትምህርት ቤት ስለ ይዞታ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ይርጋ ብዙ ተምረን ወጥተናል፤ የተዘጋ መዝገብ ከመደርደሪያው እንዴት እንደሚወጣ ግን ያስተማረን አልነበረም። ከጋዝጊብላ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች ወደ ወረዳው ከተማ አስከተማ፣ ከዚያም ወደ ሰቆጣ ከሚመጣው ባለጉዳይ ብዙው የሚፈልገው አዲስ ክርክር አይደለም። የሚፈልገው ከዓመታት በፊት የረታበትን ፍርድ ነው።

«ፍርድ አለኝ» ይላል። ወረቀቱ የት እንዳለ ሲጠየቅ «ፍርድ ቤት ነዋ» ብሎ ይመልሳል። እውነቱን ነው። ውሳኔው ሲነበብ ቆሞ ሰምቷል፤ አብረውት የመጡት ጎረቤቶቹም ሰምተዋል። ባለጋራው መሬቱን ለቀቀለት፤ ነገሩ አለቀ። የውሳኔ ግልባጭ መያዝ እንዳለበት የነገረው ሰው የለም። ወረቀቱ የሚፈለገው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ምስክሮቹ ሲሞቱና ባለጋራው በልጁ ሲተካ ነው።

ያኔ ነው ትልቁ ችግር የሚገለጠው። መዝገብ ቤት ጉዳይን የሚያውቀው በቁጥርና በዓመት ነው፤ ባለጉዳዩ ደግሞ የሚያውቀው በታሪኩ ነው። በሁለቱ መካከል የሚያገናኝ ሰው ካልተገኘ ፍርዱ መደርደሪያው ላይ እያለ የለም ይባላል።

ከያዝኳቸው ጉዳዮች አንዱ የአንዲት የጋዝጊብላ እናት ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የባላቸው ወንድም ማሳውን አርሶ ያዘባቸው። ከሰሱት፣ ረቱት፣ መሬቱም ተመለሰላቸው። ዓመታት አልፈው ያ ሰው ሲሞት ልጁ «የአባቴ ውርስ ነው» ብሎ በእርሳቸው ላይ አዲስ ክስ መሠረተ። መጥሪያውን ይዘው ሲመጡ ብዙም አልተጨነቁም፤ «ይሄ እኮ ያለቀ ነገር ነው፣ ልጄ» አሉኝ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም የሚለው ይህንኑ ነው። በአንቀጽ 5 መሠረት በአንድ ጉዳይ ላይ የመጨረሻ ፍርድ ከተሰጠ፣ ያው ተከራካሪ ወይም መብቱን ከእርሱ ያገኘ ሰው ያንኑ ነገር ዳግም ሊያነሣው አይችልም። ልጁ የሚከራከረው በአባቱ በኩል በመጣ መብት ስለሆነ አባቱን ያሠረው ፍርድ እርሱንም ያሥረዋል። በአንቀጽ 244 መሠረት ደግሞ ይህን የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አድርጎ ማንሣት ይቻላል፤ ጉዳዩ ምስክር ሳይሰማበት ሊዘጋ ይችላል። ሕጉ ሙሉ በሙሉ ከእኒህ እናት ጋር ነበር። የጎደላቸው የመዝገብ ቁጥር ነው።

«መቼ ነው የተፈረደልዎት፣ እናቴ?»

«ሻደይ ሊደርስ ሲል።»

«በስንት ዓመተ ምሕረት?»

«ትንሹ ልጄ ድቁና የተቀበለ ዓመት ነዋ።»

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ፍንጭ ብዙ ጊዜ አላገኝም። ሻደይ የተባለው በዓል የሚውለው ነሐሴ 16 ነው፤ በነሐሴ መደበኛ ችሎት ለክረምት እረፍት ዝግ ስለሚሆን ፍርዱ የተሰጠው በሐምሌ፣ ዳኞች ከእረፍቱ በፊት መዝገብ በሚያጠናቅቁበት ሰሞን መሆን አለበት። የድቁናውን ዓመት ልጁ ራሱ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው፣ ክሶች በተራ የሚሰፍሩበት የወል መዝገብ የሚዘጋጀው ክሱ በተከፈተበት ቀን ቅደም ተከተል እንጂ ፍርዱ በተሰጠበት ቀን አለመሆኑን ማስታወስ ነው። የመሬት ክርክር ወራት ይፈጃል፤ ከመስከረም በፊት የተከፈተ ከሆነ በቀደመው ዓመት ገጾች ላይ ነው የሚገኘው። «በ2010 ፈልጌ አጣሁት» የተባለ መዝገብ በ2009 ገጽ ላይ ተቀምጦ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዓመቱ ቢታወቅም የእኒህ እናት ስም በመዝገቡ ላይ አልነበረም። ክሱን ያቀረቡት ከትልቁ ልጃቸው ጋር ስለነበር የተመዘገበው «ከሳሽ እነ» ተብሎ በልጁ ስም ነበር። ይህች «እነ» የምትባል አጻጻፍ የስንቱን ሴት ስም እንደሸፈነች ለመናገር ይከብደኛል። ባልና ሚስት አብረው ሲከሱ መጀመሪያ የሚጻፈው ባል ነው፤ ወንድምና እኅት ስለ ውርስ ሲከራከሩ መጀመሪያ የሚጻፈው ወንድም ነው። ከዓመታት በኋላ ሴቲቱ ብቻዋን ስትመጣ ስሟ ተፈልጎ አይገኝም። ስለዚህ አንዲት ሴት መዝገብ ፈልጉልኝ ስትለኝ ከስሟ አስቀድሜ «አብሮሽ የከሰሰ ማን ነበር?» እላለሁ።

የስም አጻጻፍም ሌላው እንቅፋት ነው። የኃይሉ መነሻ ፊደል በሦስት ዓይነት «ሀ» ይጻፋል፤ ዓለሙና አለሙ፣ ፀጋዬና ጸጋዬ እንደ ጸሐፊው እጅ ይለያያሉ። ወልደ ገብርኤል አንዱ ዘንድ ተለያይቶ፣ ሌላው ዘንድ ተጣብቆ፣ ሌላው ዘንድ «ወ/ገብርኤል» ተብሎ ይገኛል። በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣኛ የሚጠራ ስም ደግሞ በአማርኛ ጸሐፊ ጆሮ ያልፍና ሌላ መልክ ይይዛል። ሰፈር ውስጥ ሰው በክርስትና ስሙ ወይም በቅጽል ስሙ ይጠራል፤ ክሱ የተጻፈው ግን በመታወቂያው ስም ነው። የሰው ዓይን ገጽ ሲገልጥ እነዚህን ልዩነቶች ሊያልፋቸው ይችላል፤ ኮምፒውተር ግን ፊደሉ ካልገጠመለት «አልተገኘም» ይላል። እኔ ወደ መዝገብ ቤት ከመሄዴ በፊት የሁለቱንም ወገን ስም በሚጻፍበት መልክ ሁሉ ዘርዝሬ እይዛለሁ። ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ሲያስተናግድ የሚውል ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ዝርዝር ይዞ ለሚመጣ ባለጉዳይ ደስ ብሎት ያገላብጣል።

የድሮ አባቶች የርስት ነገር በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ባዶ ገጽ ላይ ያስጽፉ በነበረበት ዘመን ዓመቱ የሚታወቀው እገሌ ሹም፣ እገሌ መምህር በነበሩበት ተብሎ ነው፤ የምስክሮቹም ስም ይዘረዘራል። ሰው ነገርን የሚያስታውሰው እንደዚያ ነው፤ ዛሬም ያ አልተለወጠም። የተለወጠው የመዝገቡ አያያዝ ነው።

ቁጥሩ ተገኝቶም መዝገቡ ከቦታው ሊታጣ ይችላል። ይህ ሲሆን መዝገቡ ጠፋ ብሎ መመለስ ትክክል አይደለም፤ ወጪ ተደርጎ እንደሆነ ይጠየቅ። ይግባኝ ተብሎበት ከሆነ የበላዩ ፍርድ ቤት የሥር መዝገቡን ስለሚያስቀርብ ሰቆጣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወይም ባሕር ዳር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ እዚያው ቀርቶ ይሆናል። የአፈጻጸም መዝገብም የራሱ ሌላ ቁጥር አለው፤ የዋናው ክስ መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ ከእርሱ ጋር ተያይዞ ይገኛል። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለቱንም ሳያገኝ ይመለሳል።

አሁን ስለ ማመልከቻው ልናገር። ተከራካሪ የነበረ ሰው ወይም ወራሹ ግልባጭ ሲጠይቅ የሁለቱን ወገን ሙሉ ስም፣ የጉዳዩን ዓይነት፣ ቁጥሩን ወይም የተገመተውን ዓመት ይጻፍ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ምን እንደሚፈልግ ይለይ። «የመዝገብ ግልባጭ» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ የሚሰጠው የውሳኔው ገጽ ይሆናል። ለአፈጻጸም ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። በፍርድ ያለቀ ጉዳይ ነው ብሎ ለመከራከር ግን አይበቃም፤ ያኔ ክርክሩ ስለ የትኛው ማሳ እንደነበር፣ አዋሳኞቹ በምሥራቅ በምዕራብ እነማን እንደነበሩ የሚያሳየው የክስ ማመልከቻውና መልሱ ነው። የውሳኔው ገጽ «ክርክር የተነሣበትን መሬት ይልቀቅ» ብቻ ካለ፣ የትኛው መሬት ተብሎ እንደገና ይከራከሩበታል። እኒያ እናት ክሱ ከነውሳኔው ባይወጣላቸው ኖሮ ልጁ «ያ ሌላ ማሳ ነው» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። የተሰጠው ግልባጭ ትክክለኛ ግልባጭ ስለመሆኑ የተጻፈበትና ማህተም ያረፈበት መሆኑን ከመስኮቱ ሳይርቁ ማየት ያስፈልጋል። በስልክ የተነሣ ፎቶ ማስረጃ አይሆንም፤ ቢሆንም ቁጥሩን ለማስታወስ ይጠቅማልና ይነሣ።

በክርክር ላይ ያለ ሰው ግልባጩን በጊዜው ካላገኘ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 ሌላ መንገድ ይሰጠዋል። ችሎቱ የሌላ ፍርድ ቤት ወይም መሥሪያ ቤት መዝገብ እንዲያስቀርብ ማመልከት ይቻላል፤ ማመልከቻው በቃለ መሐላ ተደግፎ፣ መዝገቡ ለጉዳዩ ለምን እንደሚጠቅምና ግልባጩን በራስ አቅም ያለ ብዙ መዘግየት ወይም ወጪ ማግኘት እንዳልተቻለ መግለጽ አለበት። ከቀበሌው ሰቆጣ ድረስ በእግር ለሚመጣ ደሃ ገበሬ የተጻፈ የሚመስል አንቀጽ ነው፤ ሲጠቀሙበት ግን ብዙ አላይም። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን አንቀጽ እንዳይረሱት እለምናለሁ።

ጊዜውም ይታሰብ። ይግባኝ ለማቅረብ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ከይግባኝ ማመልከቻው ጋር ይግባኝ የተባለበት ፍርድ ግልባጭ መያያዝ አለበት። ስለዚህ የተረታ ሰው ውሳኔው በተነበበበት ዕለት ግልባጭ ይጠይቅ፤ የጠየቀበትንም ቀን በጽሑፍ ያስቀር። የረታ ሰው ደግሞ በአንቀጽ 384 መሠረት ፍርዱን ለማስፈጸም ያለው ጊዜ 10 ዓመት ነው። 10 ዓመት ረጅም ይመስላል፤ የተፈረደላትን የንብረት ድርሻ «ልጆቹ ይደጉ» ብላ የምትጠብቅ ሴት ግን ሳታውቀው ያልፍባታል።

ከሁሉ የሚከብደው በእውነት የጠፋ መዝገብ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ኽምራ ሲደርስ ሰቆጣን ጨምሮ ብዙ አካባቢ ለወራት ያለ ፍርድ ቤት ቆየ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች ቤታቸውን ሲለቁ ሰነድ ይዘው አልወጡም። ጦርነት ባለፈባቸው ወረዳዎች የተቀደደና የተበተነ መዝገብ አይቻለሁ። እንዲህ ሲሆን መዝገቡ በሁለቱ ወገን እጅ ካለው ቅጂ እንደገና እንዲደራጅ ማመልከት ነው። ይግባኝ የታየበት የበላይ ፍርድ ቤት ግልባጭ ይኖረዋል፤ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ በውሳኔው መሠረት ይዞታ አዙሮ ከሆነ የውሳኔው ቅጂ ከፋይሉ ጋር ተያይዞ ሊገኝ ይችላል፤ አቤቱታ የጻፈው ራፖር ጸሐፊም ቅጂ አስቀርቶ ይሆናል። የጠፋው ሰነድ ውል ከሆነ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2003 ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መውደሙ ከተረጋገጠ ውሉ በምስክር እንዲረጋገጥ ይፈቅዳል። መንገድ አለ፤ ግን ረጅም ነው። በሕይወት ያሉት ምስክሮችም በየዓመቱ እያነሱ ናቸው።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለ ዘመዴ የፍቺ ውሳኔውን ሲፈልግ ያደረገውን ነግሮኛል። እዚያ ካውንቲ በሚሉት አስተዳደር የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ቢሮ ይሄዳል፤ ጉዳዩ በከሳሽም በተከሳሽም ስም ይፈለጋል፤ ክፍያውን ከፍሎ ማህተም ያለበትን ግልባጭ ይወስዳል። ቁጥሩን በቃሉ አያውቀውም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። እኛ ዘንድም መዝገብ በስም እንዲፈለግ ለማድረግ የግድ ኮምፒውተር አያስፈልግም። በእጅ የሚጻፍ ደብተር ላይ የእያንዳንዱን ተከራካሪ ስም፣ በ«እነ» ሳይሸፈን፣ ከቀበሌውና ከመዝገቡ ቁጥር ጋር በፊደል ተራ ማስፈር ነው። አንድ ጸሐፊ በየቀኑ የሚከፈቱትን ክሶች ለመመዝገብ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

ለዚህ ነው ለዳኞችና ለሬጅስትራሮች የማቀርበው ጥያቄ ቀላል የሆነው። የስም ማውጫ ይዘጋጅ፤ ሁለተኛውም አሥረኛውም ከሳሽ በስሙ ይግባበት። የመሬት፣ የውርስና የፍቺ ፍርድ በተነበበ ቁጥር፣ ባለጉዳዩ ሳይጠይቅ፣ ማህተም ያረፈበት ግልባጭ ይሰጠው። ማንበብ ለማይችለው ሰው ቁጥሩ በትልቁ ይጻፍለት፤ ለምን እንደሚጠቅመውም በአማርኛም በኽምጣኛም ይነገረው።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ የአባትህ፣ የእናትህ ወይም የጎረቤትህ ፍርድ በመዝገብ ቤት ካለ አሁኑኑ አውጣው። ዓመቱን የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቃቸው፤ ክሱን ከነውሳኔው አስገልብጠህ አንዱን ከመሬት ደብተሩ ጋር አኑር፣ ሌላውን ለወረዳው መሬት አስተዳደር አስገባ።