የገደል ማሚቶና የሐይቅ ቀላይ

በአምባሰል ገደል ሥር ከብት የሚያግድ እረኛ ጓደኛውን ሲጣራ፣ ጥሪው ከዓለቱ ተላትሞ ፈጥኖ ከተመለሰለት ገደሉ ቅርብ፣ ዘግይቶ ከተመለሰለት ሩቅ መሆኑን ከማንም ሳይማር ያውቃል፤ ሊቃውንት የውቅያኖስን ወለል የሚለኩበት ሶናር የተባለው መሣሪያም፣ ምንም እንኳ ብዙ ጥበብ የተጨመረበት ቢሆን፣ መሠረቱ ይኸው የገደል ማሚቶ ነው።

ብርሃን ወደ ቀላይ ሲወርድ ውኃው ይውጠዋል፤ ድምፅ ግን በአየር በሰከንድ 340 ሜትር ያህል የሚሄደው፣ በውኃ ውስጥ 1,500 ሜትር ያህል ይገሠግሣል። ስለዚህ መሣሪያው ከጀልባው ሥር አጭር ድምፅ ወደ ታች ይልክና ወለሉን መትቶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል፤ ጊዜው በድምፁ ፍጥነት ተባዝቶ፣ መንገዱ የመውረድና የመውጣት ነውና ለሁለት ሲከፈል፣ ጥልቀቱ ይታወቃል።

ቀድሞ መርከበኞች እርሳስ የታሰረበት ገመድ እየጣሉ ይለኩ ስለ ነበር፣ በጥልቁ ባሕር አንዲት ነጥብ ለማወቅ ሰዓታት ይፈጅባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1927 ሜቴዎር የተባለችው የጀርመን መርከብ ደቡብ አትላንቲክን እየተመላለሰች በድምፅ ለካች፤ በ1950ዎቹም አሜሪካዊቷ ማሪ ታርፕ እንዲህ ያሉትን ልኬቶች ሰብስባ ካርታ ስትሥል፣ በአትላንቲክ መካከል በተዘረጋው የተራራ ሰንሰለት ዐናት ላይ የእኛን ስምጥ ሸለቆ የሚመስል ስንጥቅ አገኘች።

በአገራችንም ከደሴ በስተ ሰሜን የሚገኘው፣ ሐይቅ የተባለው ውኃ ጥልቀቱ እ.ኤ.አ. በ1970 በታተመ ጥናት 88 ሜትር ያህል ተብሎ ተመዝግቧል፤ ድምፅ ከዚያ ቀላይ ደርሶ ለመመለስ ከሰከንድ ዐሥረኛ እጅ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይበቃዋል። ጀልባ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰች ስትለካና እኩል ጥልቀት ያላቸው ነጥቦች በመስመር ሲያያዙ፣ በውኃ የተሸፈነው ተዳፋትና ጎድጓዳ በወረቀት ላይ እንደ አምባሰል ሸንተረር ጎልቶ ይታያል።

ይህ ልኬትም ለዕውቀት ብቻ የሚፈለግ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያጸኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጥንት በውኃ የተከበበ ደሴት ሲሆን፣ ውኃው ሸሽቶ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ ከተራቆተው ዳገት ጎርፍ የሚያወርደው አፈርም በወለሉ ላይ ይነጠፋል። የዚያ ገዳም አበው በወንጌላቸው ላይ የመጻሕፍታቸውን ዝርዝር ጽፈው ስለ ተዉልን፣ በዚያ ቤት ምን እንደ ነበረ ዛሬም እናውቃለን። ሐይቁንም እንዲሁ በየዘመኑ ለክተን መዝገቡን ብንተው፣ የልጅ ልጆቻችን ውኃው ምን ያህል እንደ ሸሸ፣ ደለሉም ምን ያህል እንደ ሞላው ከእኛ ቁጥር ጋር አስተያይተው ያውቃሉ።