የጅብ ሽንኩርት

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በወገራ ደጋ በኩል ወደ ደባርቅ የሚያቀና መንገደኛ፣ ዘመነ ክረምት ገብቶ ጥቁሩ አፈር ውኃ ሲቋጥርና መስኩ ሲረሰርስ፣ ቅጠሏ እንደ መቀነት የረዘመ፣ ጸዐዳ አበባዋም በአንድ ወፍራም አገዳ ጫፍ ተሰብስቦ የሚፈነዳ ተክል ከግጦሹ ሣር መካከል ብቅ ስትል ሊያይ ይችላል፤ ይህችም ባላገሩ የጅብ ሽንኩርት የሚላት (ስሙን ከሌሎች መሰሎቿ ጋራ ብትጋራውም)፣ ሊቃነ ዕፅዋት ደግሞ ክሪኑም አቢሲኒኩም ብለው የመዘገቧት ናት።

ራሷን ቆፍሮ ያወጣ ሰው ልክ እንደ ሽንኩርት ልጥ በልጥ ተደራርቦ ያገኘዋል፤ ነገር ግን ቢሰነጥቀው ያ ዓይን የሚያስለቅስ ጠረን የለውም፤ በወገኖቿ ዘንድ የተለመደው ሊኮሪን የተባለው መርዝም ለበላተኛ ትውከትን የሚያመጣ ስለሆነ፣ ለወጥ ትሆናለች ብሎ ወደ ማጀት የሚያስገባት የለም።

እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን የዘሯ ነገር ነው። የብዙ አዝርዕት ፍሬ በደረቅ ቅርፊት ተሸፍኖ ዝናብ ሲጠብቅ፣ የክሪኑም ወገን ዘር ሥጋው የወፈረ፣ እርጥበቱን በውስጡ የቋጠረ ስለሆነ፣ ፍሬው ሲከብደው አገዳው ወደ ምድር ይዘነበልና ዘሩ ከወደቀበት ስፍራ፣ ውኃ ሳይነካው እንኳ፣ ሥር ይሰዳል።

ለዓለም ሊቃውንት የኢትዮጵያን ዕፅዋት በብዛት ያስተዋወቀው፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1837 መጥቶ በደጃዝማች ውቤ ዘመን በትግሬና በሰሜን ተራሮች ሲለቅም የኖረው ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር ነበር፤ ለዚህችም ተክል ስሟን ያወጣላት የዕፅዋት አዋቂው ሆኽሽቴተር ሲሆን፣ ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 ባሳተመው የሐበሻ ዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥ አስገባት። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በዚያው አቆጣጠር በ2009፣ የዕፅዋት መደብ አዋቂዎች ሽንኩርትንና ክሪኑምን በአንድ ቤተ ዘመድ አጠቃለሏቸው። ከዚሁ ቤተ ዘመድ የተገኘው ጋላንታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ዛሬ የመርሳት ሕመም መድኃኒት ሆኗል፤ እንግዲህ መርዝና ፈውስ በአንድ ወገን አድረዋል ማለት ነው።

ረግረጉ መስክ በቦይ ደርቆ ወደ እርሻ ሲዞር ይህች ተክል ማደሪያዋን ታጣለች። ስለዚህ መሬቱ ከመገልበጡ በፊት ቅጠሏ በደረቀበት በበጋ ራሷን በጥንቃቄ አውጥቶ፣ ከጓሮው ውኃ ከሚተኛበት ጥግ፣ ሽንኩርት ከሚዘራበት መደብና ሕፃናት ከሚጫወቱበት ስፍራ ርቆ መትከል ይገባል።