የጢስ ማውጫ ቧንቧ ቀለም ምን ይነግረናል?

በመንገድ ዳር የቆመ ሞተር ብስክሌት ባየን ቁጥር ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው በሚያብረቀርቀው የጢስ ማውጫ ቧንቧ ላይ ነው። ይኸው ቧንቧ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ ብር ነጭ ሆኖ ሳለ፥ ጥቂት ጊዜ ከተሠራበት በኋላ ከሞተሩ አጠገብ ያለው ክፍል መጀመሪያ እንደ ገለባ ቢጫ፥ ቀጥሎ ቡናማ፥ ከዚያም ሐምራዊና ሰማያዊ እየሆነ ይሄዳል። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ጌጥ ይቆጥረዋል፤ ሌላው ደግሞ ሰማያዊውን ባየ ጊዜ «ይህ ሞተር ታሟል» ብሎ ይፈርዳል። እኛም ቀለሙ ከምን እንደሚመጣና ስለ ሞተሩ ጤንነት እስከ ምን ድረስ ሊመሰክር እንደሚችል ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ አሰብን። ለዚህም ያነሣሣን በአንድ ጓደኛችን ላይ የደረሰው ነገር ነው።

ጓደኛችን ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ እንደ ያዘ፥ ከደመወዙ እየቆጠበ ባጠራቀመው ገንዘብ ባለ ሁለት ሲሊንደር አሮጌ ሞተር ብስክሌት ገዛ። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ካርቡራቶርና አንድ የጢስ ማውጫ አለው፤ ሁለቱም ቧንቧዎች የገለባ ቀለም ነበራቸው። አንድ ቅዳሜ ወደ መተሐራ ወርዶ ሲመለስ ግን የቀኙ ጥቂት ቡናማ፥ የግራው ፍጹም ሰማያዊ ሆኖ አገኘው። ደንግጦ ወደ አንድ ጋራዥ ቢወስደው፥ እዚያ ያገኘው ወጣት መካኒክ ቧንቧውን ብቻ አይቶ «ቤንዚን አንሶታል» አለና በሁለቱም ካርቡራቶሮች ቤንዚን ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ቤንዚን ይጠጣ፥ ጥቁር ጢስ ይተፋ ጀመር፤ የእንጦጦን ዳገት መውጣትም አቃተው። የግራው ቧንቧ ግን ያው ሰማያዊ ነው። ጓደኛችን ተስፋ ቆርጦ በርካሽ የሚገዛው ሰው መፈለግ ያዘ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ለጊዜው እናቆይና የቀለሙን ምክንያት እንመልከት።

ስቴንለስ ስቲል የሚባለውን የማይዝግ ብረት ሃሪ ብሪርሊ የተባለ እንግሊዛዊ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. በሼፊልድ ከተማ ሠርቷል። በዚህ ዓይነቱ ብረት ውስጥ ከመቶ 10.5 እጅ የማያንስ ክሮሚየም ይገኛል። ክሮሚየሙም በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ብረቱን ዓይን የማያየው ስስ ቆዳ ያለብሰዋል፤ ዝገትን የሚከለክለውም ይኸው ቆዳ ነው። ብረቱ ሲግል ቆዳው ይወፍራል። በዚህ ጊዜ ከቆዳው ገጽ የሚመለሰው ብርሃንና ከሥሩ ካለው ብረት የሚመለሰው ብርሃን ሲገናኙ፥ አንዱ ቀለም ይደክማል፥ ሌላው ይጎላል። በክረምት አስፋልት ላይ በቆመ ውሃ ነዳጅ ጠብ ሲልበት የምናየው ቀስተ ደመናም ከዚሁ የመጣ ነው።

18 እጅ ክሮሚየምና 8 እጅ ኒኬል ያለበት የተለመደው ዓይነት በ290 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሐመር ቢጫ፥ በ340 የገለባ ቢጫ፥ በ390 ቡናማ፥ በ450 ጥቁር ሐምራዊ፥ በ540 ሰማያዊ ይሆናል። ልኩ እንደ ብረቱ ዓይነትና ሙቀቱ እንደ ቆየበት ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል። ብረቱ ቢቀዘቅዝም የወፈረው ቆዳ ተመልሶ አይሳሳም። ስለዚህ ቧንቧው የሚመዘግበው ያለፈበትን ትልቅ ሙቀት እንጂ የዛሬውን አይደለም።

ቧንቧን የሚያግሉ ምክንያቶች ደግሞ ብዙ ናቸው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ቤንዚኑ ከዚህ ልክ ትንሽ እንዲበዛ ይደረጋል፤ ትርፉ ሙቀቱን ያበርዳልና። ይህ ትርፍ ሲጎድል ጢሱ ይግላል። እሳቱ ዘግይቶ ሲጫርም ቤንዚኑ ገና እየነደደ ወደ ቧንቧው ይወጣል። ቤንዚን በዝቶ በቧንቧው መጋጠሚያ በኩል አየር ከገባ ደግሞ፥ ሳይቃጠል የወጣው እዚያው ቧንቧ ውስጥ ይነዳል። እንግዲህ ቤንዚን ማነሱም መብዛቱም አንድ ዓይነት ቀለም ሊያመጡ ይችላሉ ማለት ነው። እንዲያውም ጭነት ይዞ ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ዳገቱን የወጣ ሞተር፥ አንዳች ጉድለት ሳይኖርበት ቧንቧው ሊሰማይ ይችላል።

የአገራችንም አቀማመጥ የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ስላላት አየሯ ስስ ነው። ካርቡራቶሩ ለዚህ አየር የተስተካከለ ሞተር 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት መተሐራ ሲወርድ፥ አየሩ ይወፍርና ቤንዚኑ ያንሰዋል። የጓደኛችን ሁለቱም ቧንቧዎች የጋሉት በዚህ ነበር። የግራው ከቀኙ ለምን በለጠ? ምርመራ የሚያስፈልገው ይህ ነበር።

ሞተሩን ከመሸጡ በፊት ሰዎች መክረውት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄደ።

«ጋሼ፥ ቧንቧው ይኸው ሰማያዊ ነው፤ ቤንዚን አንሶት አይደለም ወይ?» ቢላቸው፥

«ልጄ፥ ቧንቧው ሞቆኛል ብቻ ነው ያለህ፤ ማን እንዳሞቀው አልነገረህም። እስቲ ካንዴላዎቹን እንያቸው» አሉት።

በደኅና የሚሠራ ሞተር ካንዴላ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። የቀኙ ግን ደረቅ ጥላሸት ለብሶ ጠቁሯል፤ የግራው ነጥቷል። ሁለቱም እኩል ቤንዚን እየተሰጣቸው አንዱ ጠግቦ ሌላው የሚራብ ከሆነ፥ በግራው በኩል ትርፍ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ፈትተው ቢያዩት፥ ካርቡራቶሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘው ላስቲክ ተሰንጥቆ ተገኘ። እንዲሁ ቢነዳ ኖሮ ፒስተኑ ወይም ቫልቩ ሊቃጠል ይችል ነበር። ላስቲኩ ተለወጠ፤ ቤንዚኑም ወደ ቀድሞ ልኩ ተመለሰ። ሽማግሌው በመጨረሻ ሁለቱንም ቧንቧዎች ነጭ እስኪሆኑ ድረስ አስወለወሉና «አሁን በዚያው መንገድ ሂድና ተመለስ» አሉት። ሲመለስ ሁለቱም እኩል የገለባ ቀለም ይዘው ነበር።

አሮጌ ሞተር ብስክሌት ለመግዛት የሚያስቡ አንባቢዎቻችን ከዚህ ሦስት ነገር እንዲይዙ እንመክራለን። መጀመሪያ፥ አንዱን ቧንቧ ከሌላው ጋር ያስተያዩ፤ ከብቻው ቀለም ይልቅ ልዩነቱ ብዙ ይናገራል። ሁለተኛ፥ ካንዴላውንና የቧንቧውን አፍ ሳያዩ አይፍረዱ። ሦስተኛ፥ ነጭ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ቧንቧ ትናንት የተወለወለ ሊሆን ይችላልና አያታልላችሁ። በዛሬዎቹ ብዙ አዳዲስ ሞተሮች ውስጥ የቤንዚኑን ልክ የሚቆጣጠረው በቧንቧው ላይ የተተከለ የኦክስጅን መለኪያ ነው፤ ቢሆንም እርሱንም የሚያሳስት ቀዳዳ አይጠፋም።

በየመሥሪያ ቤታችንም አንድ ምልክት አይተን ለመፍረድ የምንቸኩልበት ጊዜ ብዙ ነው። ፋይል ቢዘገይ ጸሐፊውን እንወቅሳለን፤ ፋይሉ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ቆየ ግን አንጠይቅም። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶች አባባል ለጋራዥም ለቢሮም ያገለግላል።