ከ90 ቀን በኋላ ስልኩን የሚያነሳው

አሜሪካ ስደተኛ መቀበል አቆመች፤ ፍርድ ቤት አገደው፤ ተፈቀደ፤ ደግሞ ቁጥሩ ወረደ። ይህን ወሬ ያልሰማ አበሻ የለም። በዋሽንግተን ዳርቻ፣ በአሌክሳንድሪያም ሆነ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቡና ይዞ የሚቀመጥ ሰው «ሪሴትልመንት» (ስደተኛን ተቀብሎ ማስፈር) የሚለውን ቃል ከ«ግሪን ካርድ» እኩል ያውቀዋል። ክርክሩ ግን ሁልጊዜ በሩ ላይ ይቆማል፤ ስንት ሰው ይግባ? የገባውን ማን ተቀብሎ፣ በምን ገንዘብ፣ እስከ መቼ ያቋቁመው የሚለው የሚነሳው አንድ ቢሮ ተዘጋ ሲባል ብቻ ነው። (ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ መሠረት ውጭ አገር ተመርጦና ተጣርቶ የሚመጣን ስደተኛ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ የሚቀበለው የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም። ከመንግሥት ጋር ውል ያለው ድርጅት የሚልከው ኬዝ ወርከር (ጉዳይ ተከታታይ ሠራተኛ) ነው። ውሉ እስከ ማንኪያ ድረስ ይወርዳል። ቤት ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። እንግዳው በገባበት ዕለት የለመደው ዓይነት ትኩስ ምግብ ይቀርብለታል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሹካ፣ አንድ ቢላ፣ አንድ ማንኪያ። ለዓመታት በተሠራበት የዕቃ ዝርዝር ውስጥ የሚቀሰቅስ ሰዓትም ነበረበት። በእጁ ለሚበላ ቤተሰብ ሹካው መሳቢያ ውስጥ ይከርም ይሆናል፤ ሰዓቱ ግን የፕሮግራሙን ልብ ይናገራል። ቶሎ ተነሥ፣ ቶሎ ሥራ ግባ። ከዚያ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የጤና ምርመራ። ይህ ሁሉ ከ30 እስከ 90 ቀን ውስጥ ያልቃል፤ ፋይሉም ይዘጋል።

ሥርዓቱን የሚተቹ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሱት የጊዜውን ማጠር ነው። ልክ ናቸው። ከ90 ቀኑ ጎን ለጎን የሚሰጠውን የገንዘብ ድጎማ ታሪክ ማየት ይበቃል። ሕጉ ሲወጣ ድጎማው እስከ 36 ወር ይዘልቅ ነበር። በ1982 ወደ 18 ወር፣ በ1988 ወደ 12፣ በ1991 ወደ 8 ወረደ። ሠላሳ ዓመት ገደማ እዚያው ረግቶ በ2022 ወደ 12 ተመለሰ፤ በሜይ 2025 ደግሞ 4 ወር ሆነ። አገሯ ነርስ የነበረች ሴት የትምህርት ማስረጃዋን አስገምግማ ለፈቃድ ፈተና ልትቀርብ ቀርቶ ትራንስክሪፕቷ ከዩኒቨርሲቲው ሳይላክላት አራት ወር ያልፋል። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ሥራ የሚመርጥላት ሙያዋ ሳይሆን የቤት ኪራይ ቀኗ ነው፤ የሆቴል ጽዳት፣ ፓርኪንግ፣ የዶሮ ሥጋ ፋብሪካ። የመጀመሪያ ሥራ ደግሞ እንደ ጊዜያዊ ተይዞ አሥር ዓመት የሚቀመጥ ነገር መሆኑን እዚህ አገር የኖረ ያውቀዋል።

የገንዘቡ ማነስም ሌላው ወቀሳ ነው። በ2021 ገደማ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ለአንድ ስደተኛ አንድ ጊዜ የሚሰጠው 2,275 ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ 1,225ቱ ለስደተኛው ወጪ፣ 1,050ው ለድርጅቱ ሥራ ማስኬጃ ይውላል። በሰሜን ቨርጂኒያ ቤት የተከራየ ሰው የመጀመሪያ ወር ኪራይና መያዣ ስንት እንደሆነ ያውቃል፤ ሒሳቡን ልተውለት።

እኔን ግን ከመጠኑ ይልቅ አከፋፈሉ ያሳስበኛል። ገንዘቡ የሚመጣው በነፍስ ወከፍ ነው፤ አውሮፕላን ሲያርፍ ይከፈላል፣ ካላረፈ አይከፈልም። የቢሮው ኪራይ፣ የአስተርጓሚው ደመወዝ፣ የኬዝ ወርከሩ ወንበር በዚያ በድርጅቱ ድርሻ ላይ ተንጠልጥለዋል። ቀጥሎ በክፍለ ግዛቶች በኩል የሚመጣው ገንዘብም ከዚህ ብዙ አይለይም። ስደተኛው ለሥራ ፍለጋና ለቋንቋ ትምህርት ዕርዳታ እስከ አምስት ዓመት ድረስ መብት አለው። ገንዘቡ ለየግዛቱ የሚከፋፈለው ግን ባለፉት ሁለትና ሦስት ዓመታት በገቡት ሰዎች ቁጥር ነው። አራተኛ ዓመቱን የያዘ ሰው ቢሮው ውስጥ ወንበር አለው፤ የወንበሩ ዋጋ ግን በሒሳቡ አይገባም።

ይህን ለአበሻ ለማስረዳት ዕድር ይበቃል። ዕድር ሰው ባልሞተበት ወርም መዋጮ ይሰበስባል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ ለቅሶ በደረሰበት ሌሊት ተዘጋጅቶ የሚገኘው ለዚህ ነው። ለቅሶ በሌለበት ወር ገንዘብ አንሰበስብም፣ ዕቃውንም እንሽጠው የሚል ዳኛ ቢነሣ አባላቱ ጤንነቱን ይጠረጥሩ ነበር። የአሜሪካ የስደተኞች አቀባበል ግን ከአርባ ዓመት በላይ የቆየው በዚህ ሒሳብ ነው።

ቢሮ ሲዘጋ ምን እንደሚጠፋ ከሩቅ አይታይም። ጠረጴዛና ኮምፒዩተር ይተካል። የማይተካው ኬዝ ወርከሩ ስልክ ውስጥ ያለው ነው። አከራይ ከተከራይ የሚፈልገው የብድር ታሪክና የደመወዝ ወረቀት ነው፤ ትናንት የገባ ሰው ሁለቱም የሉትም። ቤቱን የሚያገኘው አከራዩ ድርጅቱን ስለሚያውቅ፣ ይበልጡን ደግሞ ያንን ኬዝ ወርከር ስለሚያውቅ ነው። «ባለፈው ያመጣሃቸው ሰዎች ጥሩ ናቸው፣ ሌላ ካለ ላክ» የሚል አከራይ በአንድ ጊዜ አይገኝም፤ ዓመታት ይፈጃል። እንግሊዝኛ የማይናገር ሠራተኛ ለመቅጠር የሚፈቅደው የመጋዘን አለቃም፣ ለአዲስ ተማሪ ቦታ የምትፈልገው የትምህርት ቤት ጸሐፊም እንዲሁ። ኬዝ ወርከሩ ተሰናብቶ ሲሄድ ይህ ሁሉ በኪሱ አብሮት ይወጣል።

ሒሳቡ የሚያመጣውን ጣጣ ለማየት ያለፉትን አሥር ዓመታት ማስታወስ ይበቃል። በ2016 የበጀት ዓመት 85 ሺህ ገደማ ስደተኛ ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ጣሪያው በየዓመቱ እየተቆረጠ ሄደ፤ በ2021 የገቡት 12 ሺህ እንኳን አልሞሉም። በእነዚህ ዓመታት ከ100 በላይ ቢሮዎች ተዘጉ ወይም መቀበል አቆሙ። ወዲያው በ2021 ክረምት ካቡል ወደቀች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ70 ሺህ በላይ አፍጋኖች ገቡ። ድንኳኑ ተሽጦ ለቅሶ ደረሰ ማለት ነው። ድርጅቶቹ ሠራተኛ በችኮላ ሲቀጥሩ፣ ቤተሰቦች ሆቴል ውስጥ ወራት ሲቀመጡ፣ አከራዮች ስማቸውን ለማያውቁት ድርጅት በር ሲዘጉ ጋዜጦች «ሥርዓቱ ከአቅሙ በላይ ሆነ» ብለው ጻፉ። አቅሙ ግን ከሦስትና አራት ዓመት በፊት በገዛ እጅ የፈረሰ ነበር። ይህን ያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

ከዚያ ደግሞ መገንባት። በ2024 የበጀት ዓመት 100 ሺህ ሰው ገባ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከፍተኛው ቁጥር። ቢሮዎች ተከፈቱ፣ አስተርጓሚዎች ተቀጠሩ። በጃንዋሪ 2025 አዲሱ አስተዳደር ቅበላውን አቆመ፤ በዚያው ሳምንት ድርጅቶቹ ሥራ እንዲያቆሙ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ 90 ቀናቸውን ያልጨረሱት የኪራይ ቼካቸውን እየጠበቁ መሃል መንገድ ቀሩ። ለአሥርተ ዓመታት በዚህ ሥራ የቆየው የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ በኤፕሪል ከመንግሥት ጋር ያለውን ውል እንደማያድስ አስታወቀ። ለ2026 የተቀመጠው ጣሪያ 7,500 ነበር፤ አብዛኛውም ለደቡብ አፍሪካ ነጮች የታሰበ።

በዚህ ሥራ ውስጥ የእኛም እጅ አለበት። በአርሊንግተን ቨርጂኒያ በ1983 ኢትዮጵያውያን ለኢትዮጵያውያን ብለው ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ኮሙኒቲ ዴቨሎፕመንት ካውንስል ኋላ አድጎ፣ ከየትም አገር የሚመጣን ስደተኛ በብሔራዊ ደረጃ ከሚቀበሉት ጥቂት ድርጅቶች አንዱ ሆኗል። ለአነስተኛ ንግድ ብድር የሚሰጥ ቅርንጫፍም አለው። ከአውሮፕላኑ ቁጥር ነጻ የሆነ ሥራ ያለው ድርጅት ክፉ ቀን ሲመጣ የሚጨብጠው ነገር አለው፤ ሁሉም ድርጅት ግን ይህ ዕድል የለውም።

እዚህ ላይ ከወገኖቻችን የማይጠፋ አስተያየት አለ። «እኛን ማን ተቀበለን? ዘመድ ቤት ወለል ላይ ተኝተን፣ ቤተ ክርስቲያን አስጠግታን ነው የቆምነው።» እውነት አለው። በዲቪ የመጣ ሰው ይህ የ90 ቀን አቀባበል አይመለከተውም፤ ጥገኝነት ጠይቆ የተፈቀደለትም ከአንዳንዱ ዕርዳታ ይካፈላል እንጂ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ የሚቀበለው ኬዝ ወርከር የለውም። ታዲያ ማኅበረሰቡ ራሱ ቢሠራውስ?

እጠራጠራለሁ። የአክስት ልጅ ሶፋ የሚገኘው የአክስት ልጅ ላለው ነው። ዋሽንግተን ለሚደርስ ኢትዮጵያዊ መቶ በር አለ፤ ዘመድ ወደሌለበት ትንሽ ከተማ ለተላከ ኮንጓዊ ቤተሰብ አንድም ላይኖር ይችላል። በጎ ፈቃደኛው ራሱ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የሚያድር ነው። አንድ ቅጽ ላይ በስሕተት የተሞላ መልስ ከስንት ዓመት በኋላ ዜግነት ቃለ መጠይቅ ላይ ብቅ ይላል፤ ያኔ «ወንድሜ ሞልቶልኝ ነው» ማለት አያድንም። የባለሙያ አስተርጓሚ ሲጠፋ ቦታውን የሚወስደው ደግሞ ልጅ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ የእናቱን የማሕፀን ሕመም ለሐኪም ሲያስረዳ፣ እናት ግማሹን ትውጠዋለች፣ ልጁም ግማሹን። ቤት ሲመለሱ በመካከላቸው አንድ ነገር ተዛብቷል፤ ይህ በማንም ሪፖርት ላይ አይወጣም።

የግል አቀባበል ጨርሶ አይሠራም ማለቴ አይደለም። ካናዳ ከ1979 ጀምሮ አምስት ሰዎች ተሰባስበው አንድ ስደተኛ እንዲያመጡ ስትፈቅድ ቆይታለች፤ በዚህ መንገድ የመጡ አበሾች በቶሮንቶ ብዙ ናቸው። ልብ የሚባለው ግን አስመጪዎቹ ለአንድ ዓመት ሙሉ ኃላፊ መሆናቸው ነው። ያችም በር ብትሆን በኖቬምበር 2024 አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቆመች። አሜሪካም ይህን አይታ በጃንዋሪ 2023 ተመሳሳይ ፕሮግራም ጀምራ ነበር፤ ሁለት ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎት ተዘጋ።

«ሥራ ለሌለው ቢሮ ግብር ከፋይ ለምን ይክፈል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ቢሮው ሥራ አለው የሚል ነው፤ የሚቆጥረው የለም እንጂ። በ2025 የመጣው ለውጥ አብዛኛው የነካው አስቀድሞ የገባውን ሰው ነው። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ስደተኞችን ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ድረስ ከፉድ ስታምፕ አስወጣቸው። በኖቬምበር ደግሞ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ከጃንዋሪ 2021 እስከ ፌብሩዋሪ 2025 የገቡ ስደተኞች ፋይል እንደገና እንዲታይ፣ የግሪን ካርድ ማመልከቻቸውም እንዲቆም አዘዘ፤ ጉዳዩ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ይነካል። የሚያርፍ አውሮፕላን በጠፋ ሊባል በደረሰበት ዓመት ምክር ፈላጊው በዛ።

እንዲህ ያለ ለውጥ በደብዳቤ የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን የመጀመሪያ ሌሊት ትኩስ ምግብ ይዞ የጠበቀውን ኬዝ ወርከር መፈለግ ነው። የቢሮው ስልክ አይነሳም። ብዙዎቹ ኬዝ ወርከሮች በዚሁ መንገድ የመጡ የቀድሞ ስደተኞች ናቸውና ከተሰናበቱም በኋላ የግል ቁጥራቸውን አይቀይሩም፤ ኡበር እየነዱም ቢሆን ያነሳሉ፣ ተሳፋሪ እስኪወርድ ጠብቁኝ ብለው።