«ጉም መዝገን»፦ በካሊፎርኒያ ጠረፍ ፎቶ ስለማንሳት ተረቱና እውነታው

በኦክላንድ ወይም በሳን ሆዜ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤት እንግዳ ሲመጣ፣ ከቡናው ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ድልድዩን መቼ ነው የምናየው?» ወሩ ሐምሌ ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ቤተሰቡ ስስ ልብስ ለብሶ ይወጣል። ጎልደን ጌት ሲደርሱ ግን ድልድዩ የለም፤ ጉም ውጦታል። እንግዳው በብርድ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ሦስት ግራጫ ፎቶ ያነሳና «ዕድሌ ነው» ብሎ ይመለሳል።

ዕድሉ አይደለም። ያሳሳቱት ስለዚህ ጠረፍ ከሰው ሰው የሚተላለፉ እምነቶች ናቸው። ከሳን ፍራንሲስኮ ደቡብና ሰሜን በተዘረጋው ዳርቻ ጥሩ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ከካሜራው በፊት አየሩን፣ ባሕሩንና መንገዱን ያወቀ ሰው ነው። ዋና ዋናዎቹን ተረቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ ድልድዩን ለማንሳት የሚመረጠው ሰመር ነው።

እውነታ፦ ድልድዩ በጉም የሚሸፈነው በብዛት በሰመር ነው። በካሊፎርኒያ ዳርቻ ያለው ባሕር ቀዝቃዛ ነው፤ ነፋሱ የላይኛውን ውሃ ከዳርቻው ሲያርቀው፣ ከጥልቁ ይበልጥ የቀዘቀዘ ውሃ ይወጣል። በዚህ ውሃ ላይ የሚያልፍ እርጥብ አየር ቀዝቅዞ ጉም ይሆናል። በዚያው ሰዓት ወደ ውስጥ ያለው ሸለቆ በፀሐይ ይግላል፤ የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ፣ ከባሕር በኩል ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ለመያዝ ይገሰግሳል። የጠረፉን ተራሮች ሰንጥቆ የሚያስገባው ዋናው በር ደግሞ ድልድዩ የቆመበት ወሽመጥ ነው። ስለዚህ ውስጥ አገሩ በጋለ ቁጥር ድልድዩ ጉም ይለብሳል። ጥርት ያለ ሰማይ የሚፈልግ ሰው በመስከረምና በጥቅምት ይምጣ። በክረምታቸውም ዝናብ ባባራ ማግስት አየሩ ታጥቦ ስለሚጠራ ሩቁ ሁሉ ይታያል።

ተረት 2፦ ጉም ከመጣ ፎቶው ተበላሸ።

እውነታ፦ በእኛ አነጋገር «ጉም መዝገን» ከንቱ ድካም ነው። እዚህ ግን ጉም የሚዘገንበት መንገድ አለ። የድልድዩ ማማዎች ከውሃው በላይ 227 ሜትር ይረዝማሉ። ጉሙ ዝቅ ብሎ ሲተኛ ጫፋቸው ከላይ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ታች ቆሞ መጠበቅ አያዋጣም፤ ወሽመጡን ተሻግሮ ወደ ማሪን ኮረብታዎች መውጣት ነው። 280 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከሆክ ሂል ሲታዩ፣ ሁለቱ ማማዎች በነጭ ባሕር ላይ የቆሙ ይመስላሉ።

አንድ ነገር ግን ማስተካከል ያስፈልጋል። ካሜራ ብዙ ነጭ ነገር ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ስለሚመስለው ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ነጩ ጉም ግራጫ ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው። በብዙ ስልኮች ስክሪኑን ነካ ሲያደርጉ የብርሃን ማስተካከያ ይመጣል፤ በጥቂቱ ከፍ ማድረግ ጉሙን ወደ ንጣቱ ይመልሰዋል።

ተረት 3፦ ድልድዩ «ጎልደን» የተባለው ወርቃማ ስለሆነ ነው።

እውነታ፦ ስሙ የወሽመጡ ነው። አሳሹ ጆን ፍሬሞንት ይህን ስም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1846፣ ማለትም ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1937 ከመከፈቱ 91 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የድልድዩ ቀለም ኢንተርናሽናል ኦሬንጅ የሚባል ወደ ቀይ ያደላ ብርቱካንማ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል፣ መርከቦች እንዲያዩት፣ ጥቁርና ቢጫ ሽንትር እንዲሆን ፈልጎ ነበር፤ አርክቴክቱ አርቪንግ ሞሮ ግን ከኮረብታዎቹ ጋር የሚስማማውን፣ በጉምም ውስጥ የሚለየውን ይህን ቀለም መረጠ። ፎቶውን በስልክ ሲያሳምሩ «ወርቅ እንዲመስል» ብለው ቢጫ የሚጨምሩ ሰዎች ይህን የታሰበበት ምርጫ ያጠፉታል። ቀዩ በሰማያዊው ባሕርና በግራጫው ጉም ፊት ለብቻው በቂ ነው።

ተረት 4፦ ለፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ ሰዓቱን ማወቅ ይበቃል።

እውነታ፦ ወሩንም ማወቅ ያስፈልጋል። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቦታ አትጠልቅም፤ በሰመር ወደ ሰሜን፣ በክረምታቸው ወደ ደቡብ ትሄዳለች። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ ባለው የቢግ ሰር ዳርቻ፣ በፋይፈር ቢች፣ መካከሉ የተበሳ ግዙፍ ዐለት አለ። የመጨረሻዋ ጨረር በዚያ ቀዳዳ ሾልካ ሞገዱን እንደ እሳት የምታበራበት ዝነኛ ፎቶ የሚገኘው ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት ሰሞን፣ በታኅሣሥ ወር ነው። በሐምሌ የመጣ ሰው ዐለቱን ያገኛል፤ ጨረሩን ግን አያገኝም።

ተረት 5፦ ሰው ይለወጣል እንጂ መልክዓ ምድር አይለወጥም።

እውነታ፦ ይህ ጠረፍ ይናዳል። በቢግ ሰር 24 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የማክዌይ ፏፏቴ ዛሬ ነጭ አሸዋ ላይ ሲወርድ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1983 በፊት ግን በቀጥታ ባሕር ውስጥ ነበር የሚወርደው። በዚያ ዓመት በአቅራቢያው የደረሰ ትልቅ የመሬት መንሸራተት ባሕሩን በአፈርና በድንጋይ ሞላው፤ ሞገዱም አሸዋውን አምጥቶ ዳርቻ ሠራለት። ወደ አሸዋው መውረድ የተከለከለ ስለሆነ ፎቶው የሚነሳው ከላይ ካለው የእግር መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ እዚያው ቢግ ሰር ውስጥ በመድ ክሪክ የተናደው ተራራ የጠረፉን መንገድ፣ ሀይዌይ 1ን፣ ከአንድ ዓመት በላይ ዘግቶት ነበር። የቆየ ፎቶ አይቶ መንገድ ከመጀመር በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ማጣራት ግድ ነው።

ተረት 6፦ ሞገዱ ትንሽ ከሆነ ባሕሩ አያሰጋም።

እውነታ፦ ከሁሉም የከፋው ተረት ይህ ነው፤ ሕይወት ያስከፍላል። ባሕሩ ለብዙ ደቂቃ ጸጥ ብሎ ቆይቶ በድንገት ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ የራቀ ሞገድ ሊልክ ይችላል። ዐለት ላይ ቆሞ በካሜራው የሚያይ፣ ወይም ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ሰልፊ የሚያነሳ ሰው ሲመጣ አያየውም። ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ዋና የሚችልም ቶሎ ይደክማል። አባቶቻችን «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት ይህንኑ ነው። ወደ ዳርቻው ከመውረድ በፊት 20 ደቂቃ ያህል ከሩቅ ቆሞ መመልከት፣ እርጥብ ከሆነ ዐለት መራቅ፣ ጀርባን ለባሕር አለመስጠት፤ እነዚህ ሦስቱ ከማንኛውም ፎቶ ይበልጣሉ።

የባሕሩም ሙላትና ጉድለት በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ይፈራረቃል። ውሃው ሲጎድል እርጥቡ አሸዋ እንደ መስተዋት ሰማዩን ያሳያል፤ ሲሞላ ደግሞ የመጡበትን መንገድ ይዘጋል። ሰዓቱ አስቀድሞ በሠንጠረዥ ስለሚወጣ ማየት ቀላል ነው።

ተረት 7፦ ውድ ካሜራ ከሌለ ጥሩ ፎቶ የለም።

እውነታ፦ ዝነኛው ፎቶ አንሺ ኤድዋርድ ዌስተን በካርመል አጠገብ ያለችውን ፖይንት ሎቦስን እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1948 እየተመላለሰ አንስቷል። ያነሳው ሩቅ አገር ሄዶ አልነበረም፤ የዚያችኑ የአንዲት ቦታ ዐለት፣ የዛፍ ሥርና የባሕር አረም ነው። ታላቅ ያደረገውም ያ ምልልስ ነው። ዛሬ በኪስ የያዝነው ስልክ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ የሚያበላሸው ከባሕሩ የሚረጨው ጨው ነው። ሌንሱ ላይ ሲያርፍ ፎቶውን ያደበዝዘዋልና በየጥቂት ደቂቃው በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል።

ተረት 8፦ ድሮን ካለኝ የትም ማብረር እችላለሁ።

እውነታ፦ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ድሮን ማብረር እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የተከለከለ ነው። በጎልደን ጌት ዙሪያ ያለው አብዛኛው መሬትም በብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ሥር ነው። ክልከላው ለወፎቹም ይጠቅማል፤ በገደል ላይ የሚፈለፍሉ የባሕር ወፎች ሲደነግጡ እንቁላላቸውንና ጫጩታቸውን ጥለው ይበራሉ።

እንግዲህ በሐምሌ እንግዳ የምትጠብቁ ሁሉ፣ ለእንግዳችሁ ጃኬት አዘጋጁ፤ ጉሙን ከታች ሳይሆን ከኮረብታው ላይ ሆናችሁ አሳዩት፤ የባሕሩን ሰዓት አይታችሁ ውረዱ። ልጆች ካሉ አንድ ትልቅ ሰው ካሜራ ሳይዝ ባሕሩን ብቻ ይጠብቅ። ፎቶው ቢያመልጥ ነገ ይነሳል፤ ሰው ግን አይተካም።