በነቀርሳ ሕክምና ጊዜ ጠጉርን ስለ ማቅለም

በጅማ መንገድ ከሰበታ፤ በአምቦ መንገድ ከቡራዩ፤ እንጦጦን ተሻግረው ከሱሉልታ ለነቀርሳ (ካንሰር) ሕክምና ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚመላለሱ እኅቶች አሉን። ከደዌው ሌላ የሚያስጨንቃቸው የጠጉራቸው ነገር ነው።

መድኃኒት ሁሉ ጠጉር አያረግፍም። ዶክሶሩቢሲንን የመሰለው ግን ፈጥኖ የሚያድገውን ሁሉ ስለሚመታ፣ ነቀርሳውን ከጠጉር ሥር ለይቶ አያውቅምና ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ያረግፋል። ሕክምናው ሲያበቃ ጠጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ሽበት የተቀላቀለበት ወይም ከቀድሞው ይልቅ የተጠቀለለ ይሆናል። ሕመሟን ከጎረቤት ሰውራ የቆየች ወይዘሮ ሠርግ በቀረበ ጊዜ ቀለም ብትመኝ አያስነቅፋትም።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ሳያልቅ ማቅለም አይገባም። የራስ ቆዳ በዚያን ጊዜ በቀላሉ ይቆስላል፤ ነጭ የደም ሕዋስም ስለሚያንስ ትንሹ ቁስል ለብርቱ ትኩሳት በር ይከፍታል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ሕክምናው ካለቀ በኋላ 6 ወር ያህል መቆየትን ይመክራሉ።

በገበያ ጥቁር ሂና እየተባለ የሚሸጠው ዱቄት ስሙ እንጂ ግብሩ ሂና አይደለም። ንጹሕ ሂና ያቀላል እንጂ አያጠቁርም፤ የሚያጠቁረው ብዙ ጊዜ ፓራፌኒሊንዲያሚን የሚባል ቅመም ነው። ይህም በማይስማማው ሰው ላይ ፊትን እስኪያሳብጥ ድረስ ቆዳን ያስቆጣል። ስለዚህ ጊዜው ሲደርስ፣ ሐኪሙም ሲፈቅድ፣ ቀለሙን አስቀድሞ በክንድ ላይ በጥቂቱ ቀብቶ 48 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል።

እስከዚያው ለስላሳ የጥጥ ሻሽ ማሰር ይሻላል፤ ሻሹንም የቤቱ ጌታ ራሱ መርጦ ቢያመጣላት እጅግ ደስ ይላታል።