ከዲናሞው ሥር ያለው ፊደል

ጣርማ በርን ወርዶ፣ ሸዋሮቢትንና ሰንበቴን አልፎ ከሚሴ የሚገባ አሮጌ ቮልስ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ 1,400 ሜትር ገደማ ወደሆነው ቆላ ወርዷል። ሞተሩ ውሃ አይጠጣም፤ የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ብቻ ነው። እዚያ የፒስተኑ ፋሻ አልቆ ሰማያዊ ጭስ መትፋት ቢጀምር መካኒኩ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሲሲ ነው?» ብሎ ነው። መልሱ ከተሳሳተ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ የሚመጣው ፒስተን ከሲሊንደሩ ጋር አይገጥምም።

ሊብሬው ብቻውን አያስተማምንም። የቮልስ ሞተር ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው፤ ሁለት ሰዎች በጥቂት ሰዓት አውርደው ሌላ ሊተኩበት ይችላሉ። በሃምሳና በስልሳ ዓመት ዕድሜ ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ ያላየ ቮልስ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ የሚሻለው ሞተሩን ራሱን መጠየቅ ነው።

የኋላውን ኮፈኖ ክፈቱ። ከዲናሞው መቆሚያ ግርጌ፣ ከፑሌጃው ከፍ ብሎ፣ ጠፍጣፋው ቦታ ላይ የሞተር ቁጥሩ ተመትቷል። ዘይትና አቧራ ስለሚጋገርበት ብዙ ጊዜ አይታይም። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነጭ ጋዝ በነካው ጨርቅ ቀስ ተብሎ ይጠረግ እንጂ የሽቦ ብሩሽ አይነካው፤ ኮሎውን የያዘው የሞተሩ ቀፎ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ በመሆኑ ይፋቃል። ከ1965 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከቁጥሩ ፊት የላቲን ፊደል አለ። ዲ 1200፣ ኤፍ 1300፣ ኤች 1500 ማለት ነው፤ ኤዲ ደግሞ በ1970 እ.ኤ.አ. የመጣው 1600 ነው።

አሁን የኋላውን መቀመጫ አንሱና የሻንሲ ቁጥሩን አንብቡ። ከነሐሴ 1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ ቮልስ ቁጥሩ በ11 ይጀምራል፤ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉ ዓመት መጨረሻ ነው። መኪናው የ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሆነ በ117 የሚጀምር ሻንሲ የ1967 ሞዴል ነው። እዚያው መኪና ላይ ኤዲ የተመታበት ሞተር ከተገኘ መኪናውና ሞተሩ አብረው ከፋብሪካ አልወጡም።

ይሁንና ፊደሉ የሚመሰክረው ስለ ቀፎው ብቻ ነው። 1300ው፣ 1500ው እና 1600ው የፒስተን ምታቸው እኩል 69 ሚሊሜትር ነው፤ የሚለያዩት በሲሊንደራቸው ስፋት ነው፤ 77፣ 83 እና 85.5 ሚሊሜትር። ቀፎው በቶርኖ ሰፍቶ ትልልቅ ሲሊንደር ከተገጠመለት ኤፍ የሚለው ፊደል እንዳለ ይቀራል፣ ሞተሩ ግን 1300 መሆኑ ያበቃል። እውነቱን የሚያወጣው ቬርኒየር ካሊፐር ነው። ሲሊንደሩ 7.7 ሴንቲሜትር፣ ምቱ 6.4 ከሆነ፦ 7.7ን በራሱ፣ ውጤቱን በ0.785፣ ከዚያም በ6.4 እና በ4 ሲሊንደር ስናባዛ 1,192 ሲሲ ገደማ እናገኛለን። ይህ 1200 ነው። ሶማሌ ተራ ከመደወል በፊት ሊሠራ የሚገባው ስሌት ይህ ይመስለኛል።

ሞተሩ ላይ ወጣ ብለው የሚታዩ ቁጥሮችም አሉ። እነሱ ቀፎው ሲቀለጥና ሲፈስ ከቅርጹ የመጡ የዕቃ ቁጥሮች ናቸው፤ በሺዎች በሚቆጠሩ ሞተሮች ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። የአንዱ ሞተር መታወቂያ የሚሆነው ወደ ውስጥ የተመታው ብቻ ነው።

ሌባም የሚሞርደው ይህንኑ ነው። ግን ማኅተሙ ሲመታ ከቁጥሩ ሥር ያለው ብረት ተጨምቆ ውስጣዊ አደራደሩ ይዛባል፤ ሞረዱ ላዩን ቢያነሳም የተጨመቀው ንብርብር ከታች ይቀራል። የፎረንሲክ ባለሙያ ቦታውን አለስልሶ ለብረቱ የሚስማማ አሲድ ሲቀባው አሲዱ የተዛባውን ክፍል ከቀሪው በተለየ ፍጥነት ስለሚበላው የጠፋው አኃዝ ደብዘዝ ብሎ ይወጣል። ወዲያው ፎቶ መነሳት አለበት፤ አሲዱ ከቆየ ያወጣውን ቁጥር ራሱ መልሶ ያጠፋዋል።